በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጾመው ሰው

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ይወጣሉ። አንደኛው ፈሪሳዊ ነው፤ ቆሞ የሚቆጥረው ይህን ነው፦ አይቀማም፣ አያመነዝርም፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾማል፣ ካገኘው ሁሉ ከአሥር አንድ ያወጣል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ውሸት የለበትም። ጌታም "ዋሸ" አላለውም። እንዲህ ያለ ሰው ደሴ ወይም ወልድያ ላይ ብናገኝ ለሰበካ ጉባኤ እንመርጠዋለን፣ ልጃችንን ክርስትና እንዲያነሳልን እንለምነዋለን። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን እሱ ሳይሆን በሩቅ ቆሞ ደረቱን የደቃው ቀራጭ ነው።

እኛም በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጾማለን። የፈሪሳውያኑ ጾም ሰኞና ሐሙስ ነበር፤ የጥንት ክርስቲያኖች ረቡዕንና ዓርብን ያዙ። ረቡዕ በጌታ ላይ ምክር የተመከረበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሁለቱን ቀኖች ጾመ ድኅነት ትላቸዋለች፤ የመዳን ጾም ማለት ነው። ቀኑ ተቀየረ እንጂ የሰው ልብ ቀን በመቀየር አይቀየርም። ረቡዕና ዓርብ እየጾሙ ያንኑ ፈሪሳዊ መሆን ይቻላል። የምጽፈውም ስለዚሁ ነው፦ ጾሙም፣ ጸሎቱም፣ ስግደቱም በትሕትና እንዴት እንደሚሠራ፣ በየት በኩልስ እንደሚያፈስ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። በእኛ ትምህርት መዳን በአንድ ቀን ተወስኖ መዝገብ ላይ የሚገባ ጉዳይ አይደለም። ወንዱ ልጅ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው ይወለዳሉ፤ ሜሮን ይቀባሉ፤ ይቆርባሉ። ያ መወለድ ነው፤ የተወለደ ደግሞ ማደግ አለበት። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች "በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ" ሲል የጻፈው ላመኑና ለተጠመቁ ሰዎች ነው። ይህን ቃል ከመጻፉ ጥቂት መስመር ቀደም ብሎ የሚናገረው ደግሞ ክርስቶስ የባሪያን መልክ ይዞ ራሱን እንዳዋረደ፣ እስከ መስቀል ሞት እንደታዘዘ ነው። ሁለቱ የተቀመጡት አንዱ በሌላው ላይ ነው። መዳኑን የሚፈጽም ሰው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ተነግሮታል፤ መንገዱ ወደ ታች ነው።

ላስታ ያለን ሰዎች ይህን በዓይናችን እናየዋለን። ግንበኛ ከመሠረት ጀምሮ ወደ ላይ ይሠራል። የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ግን ከላይ ጀምረው ወደ ታች ወረዱ። የቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ከመሬቱ እኩል ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ጠርዙ ላይ እስኪደርስ ሕንፃ መኖሩን አያውቅም። ለመሳለም ደግሞ መውረድ አለበት፤ ጫማውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ። እዚያ ወርደን የተሳለምን ሁሉ ወደ ቤት ስንመለስ ምን ይዘን እንደምንመለስ ነው ጥያቄው።

ከማለዳው እንነሳ። ትሕትና በጠዋት የሚጀምረው በአካል ነው፤ ስሜቱ እስኪመጣ መጠበቅ ስሕተት ነው። ከአልጋ እንደወረዳችሁ፣ ስልክ ሳትነኩ፣ ፊታችሁን ታጥባችሁ ወደ ምሥራቅ ቁሙ። ነጠላችሁን መስቀለኛ ልበሱ። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ" እያላችሁ አማትቡ፤ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው እጅ የአምላክን መውረድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገረው የእኛን መሻገር ያስታውሳል። ብዙዎቻችን ዝንብ እንደምናባርር አድርገን እናማትባለን። ግንባሩን ንኩ፣ ደረቱን ንኩ፣ ሁለቱንም ትከሻ ንኩ። ሦስት ሰከንድ ቢጨምር ነው።

ቀጥሎ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት። ከዚያ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። ሰኞ "ፈቀደ እግዚእ"፣ ማክሰኞ "አክሊለ ምክሕነ"፣ ረቡዕ "ኵሉ ሠራዊተ ሰማያት"፣ ሐሙስ "ዕፅ እንተ ርእየ ሙሴ"፣ ዓርብ "ቡርክት አንቲ"፣ ቅዳሜ "ንጽሕት ወብርህት"፣ እሑድ "ተሰመይኪ ፍቅርተ"። ግእዙን የማያውቅ በአማርኛው ይድገም። ግእዝ ሳይገባው በግእዝ ካልሆነ ጸሎት አይመስለኝም የሚል ሰው አንዳንዴ የሚያከብረው ቋንቋውን ሳይሆን ቋንቋውን ሲያነብ የሚታየውን ራሱን ነው። ቀስ በቀስ ሁለቱን ጎን ለጎን እያነበቡ መማር ግን መልካም ነው፤ በሳምንት አንዱን ዕለት ብቻ ብትይዙ በሁለት ወር ውስጥ ሰባቱን ትለምዳላችሁ።

ዳዊት፣ ማለትም መዝሙረ ዳዊትን፣ ለመድገም የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን ይወቅ። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። በቀን አንድ ንጉሥ የሚደግም በ15 ቀን ይጨርሳል፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በወር ሁለት ጊዜ ይዘልቀዋል። ለጀማሪ ይህ ከባድ ነው። በቀን 5 መዝሙር ያዙ፤ ወር በገባ በ1 ጀምራችሁ በ30 ትጨርሳላችሁ፣ ስንተኛው ላይ እንደደረሳችሁም ቀኑ ራሱ ይነግራችኋል። መሰናከያው 12ኛው ንጉሥ ነው። እዚያ ውስጥ መዝሙር 118 አለ፤ 176 ቁጥር ያለው፣ በ22 ክፍል የተከፈለ። 5 መዝሙር እኩል አይደለም፤ 118ን የያዘው ቀን ከሌሎቹ በእጅጉ ይረዝማል። ብዙ ሰው ዳዊቱን የሚተወው እዚህ ጋ ነው፤ ለሥራ ይረፍድበታል፣ ነገ አሟላለሁ ይላል፣ ነገ ደግሞ የነገው አለ። ስለዚህ አስቀድማችሁ 118ን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ማታ። በዚሁ መዝሙር ቁጥር 164 ላይ ነው "በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ" የሚለው፤ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት መሠረታቸው እሱ ነው።

ሰባቱም እነዚህ ናቸው፦ ነግህ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሠለስት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ሠርክ 11 ሰዓት፣ ንዋም የመኝታ፣ መንፈቀ ሌሊት። ገዳማውያኑ ሁሉንም ይቆማሉ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ወይም ሰኞ ባቲ ገበያ ለመድረስ በሌሊት የሚነሳ ነጋዴ ሰባቱን ሙሉ በሙሉ ልጠብቅ ቢል በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይጥላል። ነግህንና ንዋምን አጥብቆ ይያዝ። በቀሩት አምስቱ ሰዓቶች ቆሞ ወይም ተቀምጦ፣ ማሽኑ አጠገብም ሆነ አይሱዙ ላይ፣ አቡነ ዘበሰማያት አንድ ጊዜ በልቡ ይበል። 6 ሰዓት ሲሆን ጌታ በመስቀል ላይ እንደነበረ፣ 9 ሰዓት ሲሆን ነፍሱን እንደሰጠ ማሰብ ጊዜ አይፈጅም። የሌሊት ፈረቃ ያለበት ደግሞ ሲነሳ ያለውን ሰዓት ነግህ አድርጎ ይጀምር፤ ለዚህም የንስሐ አባቱን ፈቃድ ይጠይቅ።

እዚህ ላይ ነው ትሕትና የሚፈተነው። ጀማሪ ሰው ስንት እንደሚደግም ራሱ ሲወስን ብዙ ጊዜ የሚወስነው የአባቶችን መጠን ነው፤ አንድ ንጉሥ፣ 41 ስግደት፣ ሰባቱም ሰዓት፣ ከነገ ጀምሮ። አነሳሱ ቅን ሊሆን ይችላል። ውስጡ ግን "እኔ ትንሽ አይበቃኝም" የሚል ሐሳብ አለ። ያ ሐሳብ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውዬውን ከሁለት አንዱ ያደርገዋል፤ ወይ ደክሞ ሁሉን ይተዋል፣ ወይ ይዘልቅና የማይደግሙትን መናቅ ይጀምራል። ሁለተኛው ይብሳል። ስለዚህ መጠኑን ሌላ ሰው ይወስንላችሁ። የንስሐ አባት ያለው ለዚህ ነው። "12 በቂ ነው" ሲሉ 41 ስለፈለጋችሁ ብቻ ሌላ አባት አትፈልጉ። መታዘዝ ራሱ ከቀሩት 29 ስግደቶች ይበልጣል።

ስለ ስግደት ትንሽ ልቆይ፤ በእኛ አካባቢ ብዙ የሚሰገድ ግን ጥቂት የሚብራራ ነገር ስለሆነ። ቁመት፣ ማማተብ፣ መዳፍን መሬት ላይ ማሳረፍ፣ ሁለቱን ጉልበት ማንበርከክ፣ ግንባር መሬት እስኪነካ መውረድ፣ ከዚያ በመዳፍ ተደግፎ መነሳት። ግንባሩ ሳይነካ መነሳት የተለመደው ጉድለት ነው፤ የሚመጣውም ቁጥር ለመሙላት ከመቸኮል ነው። ጉልበትን በድንገት መጣል ደግሞ ከጥቂት ወር በኋላ ጉልበቱን ያሳምማል፤ መጀመሪያ እጅ ይውረድ፣ ከታች አንድ ጋቢ ወይም ምንጣፍ ይነጠፍ። ጉልበቱ የታመመ፣ ነፍሰ ጡር፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ከወገብ በላይ ጎንበስ ቢል ይበቃዋል፤ እግዚአብሔር የሚፈልገው የተሰበረ ልብ እንጂ የተሰበረ ጉልበት አይደለም። ለመቁጠር መቁጠሪያ አለ፤ 41 ፍሬ ያለው በጌታ ሕማም መታሰቢያ፣ 64 ፍሬ ያለው በእመቤታችን የምድር ዕድሜ ቁጥር ነው። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያሉ 41 ጊዜ መስገድ የታወቀ ነው። የንስሐ ስግደት ቅዳሜና እሑድ፣ በጌታ በዓላት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት፣ በቆረቡበትም ቀን አይሰገድም። በእነዚህ ቀናት "እኔስ አላቋርጥም" ብሎ የሚሰግድ ሰው ትጋቱ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በላይ ሆኖበታል። መስገድ በተከለከለበት ቀን አለመስገድም ስግደት ነው።

ወደ ጾሙ እንመለስ። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት፣ ከዚያ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ምግብ። ከ50ው የበዓለ ሃምሳ ቀናት በስተቀር፣ ልደትና ጥምቀትም በእነዚህ ቀናት ካልዋሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ነው። ቡና ከ9 ሰዓት በፊት ጾሙን ይገድፋል፤ ወሎ ውስጥ ይህ ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ብዙ ሰው ነው። የራስ ምታቱ ከቡና መቅረት እንደሚመጣ እወቁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ብዙ ውኃ ጠጡ፣ ጠዋት የምትጠጡትንም ቡና በሌሎቹ ቀናት ከሦስት ስኒ ወደ አንድ ቀንሱ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲመጣ ይቀላችኋል። ስኳር ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ የምታጠባ እናት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ጠይቆ የሚፈቀድለትን ይጹም። "ከሰው አላንስም" ብሎ ስኳሩ ወርዶ የሚወድቅ ሰው ጾሞ አይደለም የወደቀው፤ በትዕቢት ነው።

የጾሙ ትልቁ ቀዳዳ ግን ሆድ አይደለም፣ ዓይን ነው። የሌላውን ገበታ ማየት። እገሌ ዓርብ ቀን ወተት ያለበት ማኪያቶ ጠጣ፣ የእገሊት ልጅ ነነዌን አልጾመችም። ፈሪሳዊው ቀራጩን አይቶ "እንደዚህ እንዳልሆንሁ አመሰግንሃለሁ" ያለው በጾሙ ማግስት ሳይሆን በጸሎቱ መሐል ነው። በጾም ቀን ከሰው ሳህን ላይ ዓይናችሁን አንሱ። በእኛ አገር ደግሞ ጎረቤት ሙስሊም ነው፤ ረመዳን ሲሆን እሱ ይጾማል፣ ዓርብ እኛ እንጾማለን፤ ተከባብረን ኖረናል። ጾማችሁን ሳያስታውስ የቅቤ ምግብ ይዞ የመጣ ጎረቤት ካለ በአክብሮት ተቀበሉት፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" በሉ፣ ለነገ አስቀምጡት። "ዛሬ እኮ ጾም ነው፣ አታውቅም እንዴ?" ብሎ ማሳፈር ጾም አይደለም።

ሌላው ቀዳዳ የጾሙ ምግብ ከፍስኩ መብለጡ ነው። አዝፋ፣ ስልጆ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ሽሮ፣ ሁሉም በአንድ ትሪ ሲቀርቡ በረከት ነው፣ ግን ያ የሁልጊዜ መሆን የለበትም። ከጾሙ የተረፈው ወጪ የድሃ ነው። ዓርብ ቀን ሥጋ ባለመግዛታችሁ የተረፈውን ገንዘብ አስሉና በዚያው ቀን ስጡት። ሒሳቡን በወር መጨረሻ ላድርገው ያለ አያደርገውም፤ ገንዘብ ኪስ ውስጥ ሲያድር የባለቤቱ ይሆናል።

አማርኛችን ለማኙን "የኔ ቢጤ" ይለዋል። እንደ እኔ ያለ፣ እኩያዬ ማለት ነው። ይህን ቃል ያወጡ ሰዎች ትሕትናን በአንድ ቃል አስተምረውናል። ስትሰጡ ቆሙ፤ ከባጃጅ ወይም ከመኪና መስኮት አትወርውሩ። ሳንቲሙን በእጁ ላይ አስቀምጡ፤ ዓይኑን እዩ፤ ባይኖራችሁ "እግዚአብሔር ይስጥልን" በሉ እንጂ እንዳልሰማ አትለፉ። "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ደጃችሁ የመጣ የቆሎ ተማሪ ቢኖር ትኩስ እንጀራ ስጡት፤ ሻጋታውን ለእሱ ማስቀመጥ ነውር ነው። የሰጣችሁትን ደግሞ ፎቶ አታንሱ። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ግራ እጅህ ቀኝህ የሚያደርገውን አይወቅ ካለ፣ ፌስቡክ ሊያውቀው አይገባም።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ያለውን እናንሳ፤ ዳዊትም ስግደትም እዚያ ነው የሚመዘኑት። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ያጥባሉ፤ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን በማሰብ። ዮሐንስ ምዕራፍ 13 ላይ ጌታ እንዲህ ያደረገው አሳልፎ የሚሰጠው ይሁዳም ባለበት ነው። ይህ በዓመት አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚታይ ሥርዓት ሆኖ እንዳይቀር በየቤቱ አንድ ዝቅ ያለ ሥራ ያዙ። እንግዳ ሲመጣ እጅ ማስታጠብ የልጆች ብቻ አይሁን፤ አባወራው ማስታጠቢያውን ይያዝ። ወላጆች ካሉ ማታ እግራቸውን በሞቀ ውኃ እጠቡ፤ ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፣ ከተማ ስንገባ ነው የጣልነው። ገዳም የሚገባ ሰው በአመክሮ፣ ማለትም በመፈተኛ ጊዜው፣ መጽሐፍ ከመያዙ በፊት ውኃ ይቀዳል፣ ማገዶ ይለቅማል፣ እህል ይፈጫል። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ትልቅ የትምህርት ቦታ ሆኖ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ አባቶች ሲወጡበት የትምህርቱ በር መታዘዝ ነበር። ቤታችንም ትንሽ ገዳም መሆን ይችላል፤ የሚያጥበው፣ የሚጠርገው፣ የሚያነሳው ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን አይሆንም።

ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ የራሱ አሠራር አለው። በድላችሁ ከሆነ ፀሐይ ሳይጠልቅ ሂዱ። የበደላችሁትን በስሙ ጥሩት፦ "ትናንት በሰው ፊት ሰደብኩሽ፤ በድያለሁ፤ ይቅር በይኝ።" እዚህ ላይ አቁሙ። "ግን አንቺም..." የምትለዋ ቃል ከገባች ይቅርታው ክስ ይሆናል። የበደላችሁት ልጃችሁን ወይም የቤት ሠራተኛችሁን ቢሆንም ይህንኑ በሉ፤ "ለልጅ ይቅርታ አይባልም" የሚል ወግ ከወንጌል የመጣ አይደለም። የተበደላችሁት እናንተ ከሆናችሁ "ይቅር ለእግዜር" ማለት ይበቃል፤ ታሪኩን ከሥሩ እንደገና አትዘርዝሩ። ሰውዬው አልታረቅም ካለ ሽማግሌ ይግባ። ጉዳዩ ከቤት አልፎ የሰፈርና የዘመድ ከሆነ ወሎ አበጋር አለው፤ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም አስቀምጠው የሚያስታርቁ ሽማግሎች ናቸው። በማቴዎስ ምዕራፍ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ተብሏል፤ ስለዚህ ከመቁረብ በፊት የታረቃችሁትን ቁጠሩ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ትሕትና በደል መሸከም ማለት አይደለም። ባሏ የሚደበድባትን ሴት "ዝቅ በይ፣ ታገሺ፣ መስቀልሽ ነው" ብሎ መመለስ ወንጌልን ማጣመም ነው። ጌታ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ "ስለ ምን ትመታኛለህ?" ብሎ ጠይቋል፤ ዮሐንስ 18፥23። ዝም ያለበት ጊዜ አለ፣ የጠየቀበትም ጊዜ አለ። የተበደለ ሰው ለካህን፣ ለሽማግሌ፣ ለሕግ መናገሩ ትዕቢት አይደለም። ትሕትና ሰው በራሱ ፈቃድ የሚወርደው መውረድ ነው፤ ሌላው ገፍቶ ሲጥለው ስሙ ሌላ ነው።

ሐሰተኛ ትሕትናም አለ። "እኔ ምን አውቄ፣ እኔ ኃጢአተኛው" እያለ የሚናገር፣ ሌላ ሰው ያንኑ ቃል ስለ እሱ ሲናገር ግን ፊቱ የሚቀላ። ይህን በራሳችሁ ላይ ፈትኑ። በጽዋ ማኅበር ዳቧችሁ ሳይመሰገን የጎረቤታችሁ ሲመሰገን ምን ተሰማችሁ? በሰንበቴ ከፊት ወንበር ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ስትላኩስ? ኃጢአተኛ መሆናችንን በጸሎት መጽሐፍ ስናነብ አይከፋንም፤ ጎረቤት ሲነግረን ነው የሚከፋን። ምርመራው እዚያ ነው።

ንስሐ ላይ አጭር ልሁን፤ ዋናው ነገር የታወቀ ስለሆነ። ከንስሐ አባት ጋር ቀጠሮ ያዙ፤ በክብረ በዓል ግርግር መሐል አትያዟቸው። ከመሄዳችሁ በፊት ሌሊቱን የበደላችሁትን አስቡ፤ ስትናገሩ የራሳችሁን ብቻ ተናገሩ። የሚስትን፣ የአማትን፣ የአለቃን ኃጢአት ይዞ የሚሄድ ብዙ ነው። ምን እንደሠራችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ በአጭሩ በሉ፤ ምክንያቱን ካልተጠየቃችሁ አታክሉ። የተሰጣችሁን ቀኖና፣ ማለትም ለንስሐ የታዘዛችሁትን ጾም፣ ጸሎትና ስግደት፣ በተሰጠው ቀን ጨርሱ፤ ስትጨርሱም ተመልሳችሁ ንገሯቸው። ለቁርባን 18 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል፤ ባለትዳሮች መለየት ያለባቸውን ቀን እሳቸው ይነግሯችኋል። ቅዳሴውን ከመጀመሪያው ቁሙ። ዓመቱን ሙሉ ሸሽተው በዐቢይ ጾም መጨረሻ ሳምንት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሰለፉ ካህኑም በቅጡ ሊሰሙ አይችሉም፤ በጥቅምት ወይም በየካቲት ሂዱ፣ ጸጥ ያለ ጊዜ ነው።

ስለ ጉዞም አንድ ቃል። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የአምባሰልን ዳገት በእግር የሚወጣ ሕዝብ ማየት ልብ ይነካል። አምባው ራሱ መስቀል ቅርጽ ነው፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የጌታ መስቀል ግማድ እንዳረፈበት አባቶች ያስተምራሉ። ሄዳችሁ ተሳለሙ። ሲመለሱ ግን "ስንት ጊዜ ወጣህ?" የሚል ውድድር ይጀመራል። ግሸንን ሰባት ጊዜ የወጣ ሰው ሠፈሩ ያለችውን ደብር ጠዋት ሲያልፍ ቆም ብሎ ካልተሳለመ፣ ዳገቱ እግሩን እንጂ ሌላውን አልነካም። ወደ ሥራ ስትሄዱ መንገዳችሁ በቤተ ክርስቲያን በር ካለፈ ሁለት ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ፤ ቆማችሁ ሦስት ጊዜ አማትቡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ደጁን ሳሙ፣ ሂዱ።

ማታ ከመተኛት በፊት፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ ቀኑን ወደ ኋላ ሂዱበት፤ ከራት ጀምራችሁ እስከ ጠዋት። ማንን አሳነስኩ? ለማን ቀድሜ ሰላም አላልኩም? ያደረግሁትን ማን እንዲያይልኝ ፈለግሁ? ሦስት ጥያቄ ነው፤ መልሱን በወረቀት አትጻፉ፣ ለእግዚአብሔር ብቻ ንገሩት። ከዚያ የቀራጩን ጸሎት ያዙ፦ "አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ።" 12 ጊዜ ደጋግሙት፤ እንቅልፍ ቢወስዳችሁም በእሱ ላይ ይውሰዳችሁ።

ጸሎት የሚያመልጣችሁ ቀን ይመጣል። ለቅሶ ይኖራል፣ ልጅ ይታመማል፣ መብራት ይጠፋል፣ ድካም ይጥላችኋል። ያኔ የሚሳሳተው ሰው ያመለጠውን ለመክፈል በማግስቱ ሁለት እጥፍ ይደግማል፤ ያም ሲያቅተው በሦስተኛው ቀን ዕዳው ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ በሳምንቱ መጨረሻ መጽሐፉን መክፈት ያሳፍረዋል። ለእግዚአብሔር ዕዳ ከፍሎ የሚጨርስ ሰው የለም፤ ባለዕዳ ሆኖ መቅረብ ነው ያለን። ሐሙስ ካመለጣችሁ ሐሙስን ለንስሐ አባት ንገሩትና ተዉት። በማግስቱ ጠዋት ፊታችሁን ታጠቡ፣ ወደ ምሥራቅ ቁሙ፣ ግንባሩን፣ ደረቱን፣ ሁለቱን ትከሻ ንኩ፣ የዓርቡን "ቡርክት አንቲ እምአንስት" ክፈቱ። ቀኑ ጾም ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ገና ብዙ አለ።